የአባባ በዳዳ ጥሩምባ

ሊሊሳ የዘይት ጨርቁን ከአውሮፕላኗ ክንፍ ሥር አቀበላት። ዓይኑ ግን እሷ ላይ አልነበረም።

«አጥበሽ መልሺልኝ!» አለ ጮክ ብሎ።

«እኔ የአንተ አጣቢ ነኝ?»

«ታዲያ ያቆሸሽሽው አንቺ አይደለሽም?»

ሁለቱም ሳቁ። ሳቁ ለሚያዳምጥ ሰው ነበር።

ጨርቁ ውስጥ ከጥፍር የማትበልጥ ሚሞሪ ካርድ ነበረች። በጓንቷ ውስጥ ሸሸገቻት። ከዚያ ጎንበስ ብላ ከክንፉ ሥር ያለችውን ትንሽ ቧንቧ ከፈተች። ሰማያዊውን ቤንዚን በብልቃጥ ቀድታ ወደ ፀሐይ አነሳችው። ውሃ የለበትም። ቆሻሻ የለበትም። አውሮፕላኗ ለመብረር ዝግጁ ናት።

ችግሩም እሱ ነበር።

«ማን ነው?» አለች ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ።

ሊሊሳ የአውሮፕላን ጥገና ሠራተኛ ነው። ያልላላ ቡሎን ማጥበቅ ጀመረ። «በሽተኛ ነው ይላሉ። ማታ በአምቡላንስ አምጥተው ሃንጋሩ ውስጥ አስተኙት። በሽተኛ አይደለም። ብርድ ልብሱ ሲገለጥ እጁ ታስሮ አየሁ።»

«ሌላ ማን አየ?»

«እግዜር።»

ብልቃጡን ደፍታ ወደ ነዳጅ መጋዘኑ ሄደች። አልቸኮለችም። የቸኮለ ሰው ይታያል።

ካራ አፋፍ ላይ ያለችው ይህች ማረፊያ ትንሽ ናት። አንድ መንደርደሪያ፣ አንድ ሃንጋር፣ ቁመቷ ከባሕር ዛፎቹ የማይበልጥ አንዲት ማማ። እዚህ የሚያርፉት ትንንሽ አውሮፕላኖች ናቸው። በሽተኛ የሚያመላልሱ፣ ካርታ የሚያነሱ፣ ሀብታም የሚያሽከረክሩ። እሷ ነዳጅ ትሞላለች። ስሟ ፍቅርአዲስ ነው። ከወላይታ የመጣች፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጅ ያልወለደች ሴት ናት።

ይህ ሁሉ ውሸት ነው።

ከተማ ውስጥ፣ ታፔላ የሌለው አንድ ቢሮ ውስጥ፣ ስሟ ሰንበሌጥ ነው። እናቷ እሷን የምትጠራበትን ሦስተኛውን ስም ካራ ውስጥ የሚያውቅ የለም። ሒሩት የምትባል ልጅ እንዳለቻትም የሚያውቅ የለም። የተላከችው በዚህች ማረፊያ በኩል ማን ምን እንደሚያሾልክ እንድታይ ነው። ዓመት ከመንፈቅ ጠበቀች።

መጋዘኑ ውስጥ ካርዷን ስልኳ ላይ ሰካች። ፎቶው ተከፈተ። ጢሙ ያደገ ወጣት፣ ዓይኑ ግማሽ ክፍት፣ አፉ ደርቋል።

ኦልያድ!

ለሳምንት ያህል የጠፋው የራዳር ባለሙያ። የሀገሪቱ ራዳር የት እንደሚያይ፣ የት እንደማያይ በጭንቅላቱ የያዘ ሰው። እሱ ድንበር ከተሻገረና ከተናገረ ሰማዩ በር የሌለው ቤት ይሆናል። ሲጨርሱት ደግሞ ይጥሉታል። እንዲህ ያለውን ሰው በሕይወት የመለሰ የለም።

ደወለች።

«አጣና።» ድምፁ እንደ ወትሮው ደረቅ ነው። አጣና አለቃዋ ነው። እውነተኛ ስሙ ወልደ ሐዋርያት ይባላል። ሥራውን ያስተማራት እሱ ነው።

«ሰንበሌጥ ነኝ። ሚዳቋዋ እዚህ በረት ውስጥ ናት።»

«እርግጠኛ ነሽ?» አላት።

«ፊቱን አይቻለሁ።»

«ማን አሳየሽ?»

«ነፋስ።»

«ማን ነው ያልኩሽ?»

«ነፋስ ነው ያልኩዎት።»

ወሬ ያቀበለን ሰው ስም ለአለቃም አይነገርም። ይህን ሕግ እንጦጦ አቀበት ላይ እየተራመዱ የነገራት እሱ ራሱ ነበር። ዛሬ ሁለት ጊዜ ጠየቀ። ነገሩ ጫማዋ ውስጥ እንደገባ ጠጠር ቆረቆራት።

«መቼ ትነሳለች?» አለ።

«ከቀትር በፊት። ከቀትር በኋላ የእንጦጦ ነፋስ ይወርዳል። በዚህ ከፍታና በዚህ ሙቀት ጭነት ይዛ አትነሳም። ዛሬ ካመለጣት እስከ ነገ ጠዋት ትቆያለች።»

«ደህና። ምንም እንዳታደርጊ። ቡድን ይዤ እመጣለሁ። ሥራሽን ሥሪ።»

ስልኩ ተዘጋ።

ሥራዋን ለመምሰል ሻይ ልትጠጣ ወደ በሩ ወጣች። የዳርቱ ሻይ ቤት ከዋናው በር አጠገብ፣ ከጥበቃው ቤት ጎን ናት። ዳርቱ የአከራይዋ የእማማ ዲንቄ ልጅ ናት። ጎረቤቷም ናት፣ የእድር ጓደኛዋም ናት። አፏ አያርፍም።

ካፒቴን ፋኑኤል አግዳሚው ላይ ተቀምጦ ሻይ ይጠጣል። በሽተኛ የምታመላልሰውን አውሮፕላን የሚያበረው እሱ ነው።

«ዛሬስ በሰላም ልነሳ ይሆን አባባ?» አለ ወደ በሩ ጠባቂ ዞሮ። «ባለፈው አንድ ሰዓት አቁመውኛል።»

አባባ በዳዳ ቆሏቸውን እያኘኩ ሳቁ። «እኔ አላቆምኩህም ልጄ። ያቆመህ ሟቹ ነው።»

«ካራ ላይ ከማማው ይልቅ የእርስዎ ጥሩምባ ይከበራል እኮ!»

«ይከበራላ!» አለች ዳርቱ። «ምነው፣ ሰማዩ አይበቃህም? መሬቱን ለእኛ ተው።»

ነገሩ እውነት ነው። መንደርደሪያው የተሠራው በእነ አባባ በዳዳ ማሳ ላይ ነው። መሬታቸውን ሲለቁ አንዲት ቃል አስገብተዋል። ከመንደሩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑና ወደ መቃብሩ የሚወስደው የጥንቱ መንገድ መንደርደሪያውን ያቋርጣል። የእድሩ ጥሩምባ ከተነፋ ማማው ላይ ቀይ ባንዲራ ይወጣል። ለቀስተኛው ተሻግሮ እስኪያልቅ ማንም አይነሳም፣ ማንም አያርፍም። ገበሬ የነበሩት ዛሬ ጥበቃ፣ ጫኝ፣ ሣር አጫጅ ሆነዋል። ሁሉም የአንድ እድር አባል ናቸው። የእድሩ ዳኛ አባባ በዳዳ ናቸው። ጥሩምባው ጥበቃ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ከምስማር ላይ ይንጠለጠላል።

ሰንበሌጥ የሻይ ብርጭቆዋን ይዛ ወደ መጋዘኑ ተመለሰች።

ስልኳ ጮኸ። የማታውቀው ቁጥር ነው።

«እህቴ፣ ፍቅርአዲስ ነሽ?» የሴት ድምፅ ነው። «ከእድር ነው። አይዞሽ። እማማ ዲንቄ አርፈዋል። ቀብሩ ዛሬ ነው። ቶሎ ወደ ቤት ነይ።»

የሻይ ብርጭቆውን የቤንዚን በርሜሉ ላይ አስቀመጠች።

ባለፈው ክረምት ተስቦ ሲጥላት አጠገቧ ያደሩት እማማ ዲንቄ ናቸው። በማንኪያ አጥሚት ያጠጧት፣ «ኢንታላ ኮ፣ ልጄ» እያሉ ግንባሯን የዳበሱት። ሁሉንም ነገር ረሳች። ኦልያድን ረሳች። ነጠላዋን ከምስማሩ አውርዳ ወደ በሩ ሮጠች።

በሩ ላይ ዳርቱ ከካፒቴኑ ጋር እየተሳሳቀች ነበር።

አባባ በዳዳ ቆሏቸውን ያኝካሉ።

ጥሩምባው ምስማሩ ላይ ነው።

ቆመች።

ካራ ውስጥ የሞት ወሬ በስልክ አይመጣም። መጀመሪያ ጥሩምባው ይነፋል። ከዚያ ስም ይጠራል። እናቷ የሞተች ሴት ደግሞ በአብራሪ ላይ አታሾፍም።

«ምን ሆንሽ? ጅብ ነው ያባረረሽ?» አለች ዳርቱ።

«እማማ ደህና ናቸው?»

«እማማ? አሁን ጎመን ልትቀጥፍ ጓሮ ወርዳለች። እኔን እየተሳደበች!» ዳርቱ ሳቀች። «ምነው?»

«ምንም። ሕልም ነው።»

የእድሯን ነገር፣ የእማማ ዲንቄን ስም፣ ሁሉንም በሪፖርት የጻፈችለት ለአንድ ሰው ብቻ ነው። ያ ሰው ቦሌ ተወልዶ ቦሌ ያደገ ነው። እድር ሲባል ስልክ የሚደወል መስሎታል።

ወልደ ሐዋርያት ከማረፊያው ሊያርቃት ፈልጓል።

ቡድን አይመጣም።

ከሻይ ቤቷ ጀርባ ዞረች። ሥራ ስትጀምር በቃሏ እንድትይዘው የተሰጣት ሁለተኛ ቁጥር አለ። አንድ ጊዜ ብቻ የሚደወልበት ነው። ደወለች።

«ተናገሪ።» ወጣት ሴት ናት።

«ሰንበሌጥ። አጣናውን ምስጥ በልቶታል።»

«ቀጥዪ።»

«መጀመሪያ ልጄን። ትምህርት ቤቷን ያውቀዋል።»

«እሺ። መጀመሪያ ልጅሽን። ሌላስ?»

«ሚዳቋዋ ካራ ማረፊያ ናት። ከቀትር በፊት ትነሳለች።»

«በእንጦጦ በኩል እንወጣለን። ግማሽ ሰዓት ያዢልን። አውሮፕላኗን እንዳትነኪ። ሰውየው በሕይወት ይፈለጋል፣ አብራሪውም ምንም አያውቅም።»

ግማሽ ሰዓት። ካፒቴኑ ሻዩን ጨርሶ ወደ አውሮፕላኗ እየሄደ ነው።

አንድ ነገር አሰበች። የነዳጅ ቦቴውን ከአውሮፕላኗ አፍንጫ ፊት ትገትረዋለች። ቁልፉን ጉድጓድ ውስጥ ትወረውረዋለች። ሊሳደቡ ይችላሉ። ሊያባርሯት ይችላሉ። ግማሽ ሰዓት ግን ይሄዳል።

የቦቴው ቁልፍ መጋዘኑ ውስጥ ነው። ገባች።

ቁልፉ አንድ ሰው ጣት ላይ ይሽከረከር ነበር።

ነጭ ጋዋን ለብሷል። አንገቱ ላይ የሐኪም ማዳመጫ አንጠልጥሏል።

«ለቅሶ አልሄድሽም?» አለ ወልደ ሐዋርያት። ስትደውልለት እዚሁ ማረፊያው ውስጥ ነበር ማለት ነው።

በሩን ከኋላዋ ገፍቶ ዘጋው። ሽጉጡን ከጋዋኑ ኪስ አወጣ። በእርጋታ ስልኳን ተቀብሎ ካርዷን ነቀለና በጫማው ጨፈለቃት።

«ለምን?» አለችው።

«ዕድሜዬን ሙሉ አጣና ነበርኩ። ሌላው ጣሪያውን ሲሠራብኝ። ዛሬ የራሴን ቤት ልሥራ ብል ምናለበት?»

«በሰው ልጅ ነፍስ?»

«አትስበኪ።» ቀረብ አለ። «ከዚህ ወጥተሽ ቤትሽ ትገቢያለሽ። እስከ ማታ አፍሽን ትዘጊያለሽ። ይልቅ ንገሪኝ። ሒሩት ስንተኛ ክፍል ደረሰች?»

ለልጇ ደርሰውላት ይሆን? ጠዋት ጸጉሯን የሠራላት ማን ነው? ኮቷን ለብሳለች? እንዲህ ያለው ሐሳብ በዚህ ሰዓት ይመጣል? መጣ።

«አራተኛ ክፍል» አለ እሱው። «አየሽ፣ አልረሳሁም።»

በተረከዟ ከኋላዋ ያለውን በርሜል ዳበሰች። የቧንቧውን እጀታ አገኘችው። ገፋችው።

ቤንዚኑ ሲሚንቶው ላይ መንጠባጠብ ጀመረ። ሽታው ተነሳ። ወደ ጫማው ፈሰሰ።

ወልደ ሐዋርያት ወደ ታች አየ።

«ይተኩሱ» አለችው። «እኔም፣ እርስዎም፣ ሚዳቋዋም አብረን እንሄዳለን።»

ጣቱ ከቃታው ላይ ላላ። ግን እጁ አልወረደም። በሌላኛው እጁ ከጋዋኑ ሥር ቢላ መዘዘ።

«አንቺ ሴትዮ!» በሩ ተንኳኳ። «ብርጭቆዬን ይዘሽ ጠፋሽ! ነዳጅ ልትቀጂበት ነው?»

ዳርቱ!

ሽጉጡም ቢላውም በቅጽበት ጋዋኑ ውስጥ ገቡ። በሩ ተከፈተ። ዳርቱ አንዴ እሱን፣ አንዴ እሷን አየች።

«ውይ፣ ዶክተር፣ ይቅርታ። አላወቅሁም።»

«ግድ የለም» አለ ፈገግ ብሎ። «ጓደኛሽ አሟታል። ልቧ ጥሩ አይመታም። ወደ ቤቷ ውሰጃት። ዛሬ ሥራ እንዳትመለስ።»

«ወይኔ፣ ፊቷ አመድ መስሏል! አካም ታቴ፣ ምን ሆንሽ አንቺ?» ዳርቱ ክንዷን ያዘቻት። «ለዚህ ነው ስለ እማማ ስትቃዢ የነበርሽው።»

በዝግታ ወደ በሩ ሄዱ። ጀርባዋ ላይ ዓይኑን ተሸክማ ተራመደች። ከኋላዋ የአውሮፕላኗ ሞተር ጮኸ። አምቡላንሱ ወደ አውሮፕላኗ ተጠጋ። ቃሬዛው ወጣ። ገባ። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰው ተከትሎ ገባ።

ዳርቱ ጥበቃ ቤቱ ውስጥ አስቀመጠቻት። «ባጃጅ ልጥራ። ከዚህ እንዳትነሺ። አባባ፣ ይመልከቷት!» ብላ በሩጫ ወጣች።

ሰንበሌጥ ተነስታ በሩን መለሰችው።

«አባባ፣ ጥሩምባውን ይንፉ።»

ሽማግሌው ቆሎ ማኘካቸውን አቆሙ። «ማን ሞቶ?»

«ያ አውሮፕላን ላይ የተኛው ሰው ታስሮ ነው የሚሄደው። ከተነሳ ይገድሉታል። ፖሊስ መንገድ ላይ ነው። መንደርደሪያውን የሚዘጋው የእርስዎ ጥሩምባ ብቻ ነው።»

«ሰው ሳይሞት?» ፊታቸው ተለወጠ። «ሟርት ነው ልጄ። አባቴም አያቴም አላደረጉትም። ጥሩምባ ተነፍቶ ስም ካልተጠራ ሞት ራሱ ስም ይመርጣል።»

«ስም ይጥሩ። የእኔን።»

«አብደሻል?»

«አባባ፣ ፍቅርአዲስ የምትባል ሴት የለችም። ስሜ እሱ አይደለም። ወላይታም አልተወለድኩም። መንግሥት ነው የላከኝ። የሚሞትብዎት ሰው የለም። ሟርት አይሆንም። ያልተወለደ አይሞትም።»

ውጭ ሞተሩ ድምፁን ከፍ አደረገ። አውሮፕላኗ ወደ መንደርደሪያው ጫፍ መጎተት ጀምራለች።

«የወንድሜ ለቅሶ ላይ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ዝናብ ሲጥል ድንኳኑን ይዘሽ አድረሻል። ያም ውሸት ነበር?»

«አልነበረም።»

«የዲንቄን እግር ያጠብሽውስ?»

«አልነበረም አባባ። በልጄ ይዤዎታለሁ። ልጅ አለችኝ።»

ተነሱ። ጥሩምባውን ከምስማሩ አወረዱ።

«ስሚኝ። ጥሩምባ ተነፍቶ አይመለስም። ከጠራሁሽ ሞተሻል። የሞተ ሰው ካራ ገበያ ላይ አይታይም። ዲንቄ ደጅ አይቆምም። ገባሽ?»

«ገባኝ።»

«ካወቅሁሽ ጀምሮ ጥሩ ሴት ነበርሽ» አሉ። ስለ ሟች እንደሚነገረው ነበር የተናገሩት። ጋቢያቸውን ጣሉላትና ወጡ።

ጥሩምባው ተነፋ።

ድምፁ ካራን አቋርጦ፣ ባሕር ዛፉን አልፎ፣ የእንጦጦን ጋራ መትቶ ተመለሰ። ሣር አጫጁ ማጭዱን ጣለ። ጫኞቹ ሳጥን አስቀመጡ።

«የእድር አባላት ሁሉ ስሙ! ፍቅርአዲስ አርፋለች! ነዳጅ የምትቀዳው ፍቅርአዲስ አርፋለች!»

ማማው ላይ ቀዩ ባንዲራ ወጣ።

ሰው ከሁለቱም ወገን ጎረፈ። ከሃንጋሩ ወደ መንደር፣ ከመንደር ወደ በሩ። ነጠላ ያዘቀዘቁ ሴቶች፣ ኮት የደረቡ ወንዶች፣ ሁሉም በጥንቱ መንገድ። መንደርደሪያው ነጭ ለበሰ።

ዳርቱ ባጃጁን ይዛ ስትመለስ ሰማች።

ሰንበሌጥ ከጥበቃ ቤቱ የቆርቆሮ ግድግዳ በስተጀርባ ነበረች። በመካከላቸው አንዲት ቀጭን ቆርቆሮ ብቻ።

«አሁን! አሁን እዚህ ነበረች!» ዳርቱ ቆርቆሮውን በጡጫዋ መታችው። «ሐኪሙ ልቧ ነው ብሎኝ ነበር! ባጃጅ ፍለጋ ሄጄ! ለባጃጅ ብዬ ትቻት ሄጄ! አሳዩኝ!»

«አስከሬን አይታይም» አሉ አባባ በዳዳ። ድምፃቸው ሰበር አለ። «ተመለሽ ልጄ።»

«ብርጭቆ ነው የጠየቅኋት አባባ! መጨረሻ የተናገርኳት ስለ ብርጭቆ ነው!»

ሰንበሌጥ የጋቢውን ጫፍ አፏ ውስጥ ጨመረች። ነከሰችው። ከዚያ በጓሮው በር ወጣች። ፊቷን እስከ ዓይኗ ሸፍና ከለቀስተኛው ጋር ተቀላቀለች።

አውሮፕላኗ መሐል መንደርደሪያ ላይ ቆማለች። ካፒቴን ፋኑኤል ሞተሩን አጥፍቷል። ነጭ ጋዋን የለበሰው ሰው ዘሎ ወረደ።

«መንገድ ልቀቁ!» ብሎ ጮኸ። «ሐኪም ነኝ! በሽተኛዬ ይሞትብኛል!»

ሰዉ ተያየ።

ይህን አላሰበችም ነበር።

«እውነቱን ነው» አሉ አንድ ሽማግሌ። «ለሞተችው ምን እናደርጋለን? ያለው ይትረፍ። እናሳልፈው!»

ሰዉ ደግ ነው። ወደ ኋላ ማለት ጀመረ። መሐሉ ተከፈተ። ካፒቴኑ እጁን ወደ ማስነሻው ሰደደ።

የእንጦጦ መንገድ ላይ አቧራ የለም። የጠራችው ቡድን ገና አልደረሰም።

ሰንበሌጥ በአውሮፕላኗ ጭራ ዞረች። በወዲያኛው ጎን የጭነት በር አለ። ከፈተችው። ኦልያድ በቀበቶ ተጠፍሮ ተኝቷል። ዓይኑ ተከፍቷል። ብርድ ልብሱን ገፈፈችው። የታሰሩ እጆቹን ይዛ ወደ በሩ፣ ወደ ብርሃኑ ሳበቻቸው።

መናገር አትችልም። ሞታለች።

ከሕዝቡ መሐል ሊሊሳ እያያት ነበር። መጀመሪያ ጋቢውን አየ። ቀጥሎ ከሥር የወጣውን የነዳጅ ቦት ጫማ። አፉ ተከፈተ። ከዚያ ገባው።

«ወገኖቼ!» ብሎ ጮኸ። «በሽተኛ በገመድ ይታሰራል እንዴ? ኑ እዩ! እጁን እዩት!»

ካፒቴን ፋኑኤል ወደ ኋላ ዞረ። «ይሄ ምንድን ነው?» ማስነሻ ቁልፉን ነቅሎ በመስኮት ወረወረው።

ወልደ ሐዋርያት ዞረ። ሽጉጡ እጁ ላይ ነው። ወደ ሊሊሳ አነጣጠረ።

ጋቢ የለበሰችው ሴት በመካከል ገባች።

ጫማዋን አየ።

«አንቺ…»

ጋቢውን ፊቱ ላይ ወረወረችው። ተኩሱ ጮኸ። ግራ እጇ ውስጥ እሳት ገባ። ነጠላዋን ፊቷ ላይ ስባ ወደቀች፤ እሱም ጋቢው ተጠምጥሞበት ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሕዝቡ ነበር። ሣር አጫጆች፣ ጫኞች፣ ሴቶች። ለለቅሶ የወጣ ሰው ንዴቱ ከባድ ነው።

የመኪኖቹ ሳይረን ከእንጦጦ በኩል ሲሰማ ወልደ ሐዋርያት መሬት ላይ ተይዞ ነበር። ኦልያድ ተቀምጦ ውሃ ይጠጣል። ሊሊሳ ደም የነካው ጋቢ በእጁ ይዞ ግራ ቀኝ ያያል።

ሴትዮዋ የለችም። ባሕር ዛፉ ውጧታል።

በሦስተኛው ቀን እንጦጦ ላይ፣ ከዛፎቹ መሐል አንዲት ወጣት ጠበቀቻት። የሁለተኛው ቁጥር ድምፅ ናት።

«ሒሩት ደህና ናት» አለች ከሰላምታ በፊት። «ትምህርት ቤቱ በር ላይ አንድ ሰው ቆሞ አግኝተናል። እኛ ቀደምን። ትናንት ካልሲዬ ጠፋ ብላ ስታለቅስ ነው የዋለችው።»

ሰንበሌጥ አንገቷን ደፍታ ሳቀች። ሳቋ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። ወጣቷ ፊቷን አዞረችላት።

«ኦልያድ?»

«እናቱ ጋ ነው።»

«ሊሊሳ?»

«ምንም አላየሁም ይላል። አምስት ጊዜ ጠየቅነው። ነፋስ ነው ይላል።» ወጣቷ አዲስ መታወቂያ አቀበለቻት። ስሙን አላነበበችውም። ግራ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል። ሁለቱ ጣቶቿ አይታጠፉም።

ከታች ካራ ይታያል። መንደርደሪያው እንደ ፈትል ቀጥኗል። ከጎኑ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች።

«ድንኳን ነው» አለች ወጣቷ። «አስከሬንሽ ወደ ወላይታ ተሸኘ ብለዋቸዋል ሽማግሌው።»

«አንድ ጊዜ ልለፍ።»

«አይቻልም።»

«በሚኒባስ። አልወርድም።»

ወጣቷ አመነታች። «ካልወረድሽ» አለች።

«ለገጣፎ! ለገጣፎ በካራ!» ሚኒባሱ ሞልቷል። መስኮት ጥግ ተቀመጠች። ጥቁር ሻሽ፣ መነጽር፣ በፋሻ የታሰረ እጅ። የሚያያት የለም።

ድንኳኑ የእማማ ዲንቄ ደጅ ላይ ተተክሏል። የእድሩ አግዳሚዎች ተደርድረዋል። ሚኒባሱ ሰው ሲያቋርጥ ዝግ አለ። እማማ ዲንቄ መሬት ላይ ተቀምጠዋል፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው። ዳርቱ ቆማለች። ድምፏ ሻክሯል።

«ዘር እንኳ ሳትተኪ! ማን ነው ስምሽን የሚጠራው? እኔ ነኝ የምጠራው፣ እኔ!»

አባባ በዳዳ ከድንኳኑ በር ላይ ነበሩ። ቀና አሉ። ዓይናቸው ሚኒባሱ ላይ፣ መስኮቱ ላይ አረፈ። ቆባቸውን አወለቁ፤ ለሬሳ እንደሚወለቀው። ከዚያ ፊታቸውን መለሱ።

ረዳቱ በሩን መታ አደረገ።

«ካራ! ካራ ወራጅ አለ?»

ተሳፋሪው ድንኳኑን ያያል።

«ወራጅ የለም?» አለ እንደገና፣ ወደ ኋላ እያየ።

ሴትዮዋ የታሰረ እጇን በደኅናው እጇ ያዘች።

«የለም» አለች። «ንዳው።»